ድዴ ያበጠ ዕለት

ጥርሴን ባስሞላሁ ማግስት ድዴ አብጦ ጉንጬ ብርቱካን አከለ። ሐኪሙ እንዲያየኝ ብዬ ከየካ አባዶ ታክሲ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ትክ ብለው አዩኝና፣

«ልጄ፣ ማነው እንዲህ ያደረገሽ?» አሉኝ።

አፌ አልከፈት ብሎኝ በግድ፣ «ሐኪሙ» አልኩ።

«ሐኪም አግብተሽ ነው የምትደበደቢው?» ብለው ጮኹ። እጄን ባወዛውዝም የሚሰማኝ አልተገኘም። ተሳፋሪው ሁሉ «ክሰሺው!»፣ «ኧረ ለፖሊስ!» እያለ ተንጫጫ። ረዳቱ ሳይቀር «ባል ተብሎ ሞቷል!» አለ።

ይሄኔ ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ዞረ። ለካ ሐኪሜ ነበር!

«ኧረ እማማ፣ እኔ ጥርሷን ነው የሞላሁት! ሚስቴም አይደለችም!» አለ፣ ላብ እያጠመቀው።

እማማ ነጠላቸውን እያጣፉ፣

«ሲያዙማ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት!» አሉ።