ከጥርስ ሐኪሙ ፊት አጃቢ ይውጣ

ጥርሱን በኦፕራሲዮን የሚያስወጣ ሰው አስቀድሞ ምን ማወቅ አለበት ብትሉኝ፣ መልሴ አጭር ነው። አጃቢውን በር ላይ ይተው፤ ከዚያ የሚውጠውን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። የተማረው ባሌ ያደረገውን ደግሞ እነግራችኋለሁ።

ክልሉ አዲስ ነበር። አሶሳ ውስጥ ቢሮ የተባለው ሁሉ ገና ወንበር አልተሟላለትም፤ ኃላፊ ግን ሞልቶ ተርፎ ነበር። እኛ የመጣነው ከቡለን ነው። ባለቤቴ እዚያ አስተማሪ ሳለ፣ ልብሱ ጠመኔ ለብሶ በእግሩ የሚመላለስ ደህና ሰው ነበር። አሶሳ መጥቶ ኃላፊ ሲሆን ግን ብቻውን መሄድ ረሳ። ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ የቢሮው ሰዎች ይግተለተሉለታል፤ ማንጎው ጥላ ሥር ቆሞ ሲቀልድ ቀልዱ ሳያልቅ ይስቁለታል። እሱም ከልባቸው የሳቁ ይመስለዋል።

ይህ ሰው የልብ ሕመምተኛ ነበር። አዲስ አበባ ያዩት ሽማግሌ ሐኪም ደም የሚያቀጥን እንክብል አዘውለት በየቀኑ ይውጥ ነበር። ሽማግሌው ሐኪም ሁለታችንንም አስቀምጠው፣ «ጥርስ እንኳ ከመነቀልህ በፊት ለሚያክምህ ሰው ንገር። በራስህ ፈቃድ ደግሞ እንዳታቋርጠው፤ የሚወስነው ሐኪም ነው» ብለውት ነበር። እሱ አሶሳ ከገባ በኋላ እንክብሉን ቫይታሚን ነው እያለ መዋጥ ጀመረ። ለምን? ግምገማ አለ! «ሕመምተኛ ነው፣ ሥራው ይከብደዋል» የምትል ቃል ግምገማ ላይ ከተነሣች ወንበሩ ሄደ ማለት ነው። ወንበሩን የሚመኙት እነዚያው ከኋላው የሚግተለተሉት መሆናቸውን እኔ አይ ነበር፤ እሱ ግን ይወዱኛል ይላል። ቂል!

አንድ ሰሞን የመጨረሻው የመንጋጋ ጥርሱ ሥር መግል ቋጥሮ ፊቱ አበጠ። ድዱ ተቀዶ መውጣት አለበት ተባለ። ዋዜማውን ቤት ውስጥ ያዝኩት።

«መድኃኒቱን ትነግረዋለህ?»

«እነግረዋለሁ አልኩሽ እኮ!»

«ማርያምን በል።»

«ማርያምን!»

ጠዋት ሆስፒታል ስንደርስ ቢሮው በሙሉ እዚያ ነው። የሥራ ሰዓት ነው፤ ግን ማን ደፍሮ ይቀራል? የኃላፊውን ጥርስ ሳያስነቅል የቀረ ሰው ስሙ በክፉ ይነሣል። ቁርስ ሳይበላ እንዲመጣ ያደረጉትም እነሱ ናቸው፤ ኦፕራሲዮን በባዶ ሆድ ነው ብለው። ሐኪሙ ለክልሉ አዲስ የተመደበ ወጣት ነበር። «እኔ የማደነዝዘው ድዱን ብቻ ነው፤ ለምን ሳይበሉ መጡ?» ሲል ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። አንዱ ሮጦ ብስኩት ገዝቶ መጣ፤ ሌላው ከእጁ ነጥቆ፣ ራሱ እንዳመጣው አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ሰጠው።

ተከትዬ ልገባ ስል ምክትሉ ክንዱን በሩ ላይ ዘረጋ። «እትዬ፣ ለሴት ደም ማየት ጥሩ አይደለም። እኛ አለን።» ለሴት! እኔ ልጆች የወለድኩ ነኝ፤ እሱ ዶሮ ሲታረድ ጓሮ የሚደበቅ ሰው ነው። ያም ሆኖ በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«የሚወስዱት መድኃኒት አለ? የልብ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር?» አለ ሐኪሙ።

«ኧረ የለም! ኃላፊያችን ብረት ናቸው!» አጃቢዎቹ ናቸው የመለሱት።

«የጠየቅኩት እሳቸውን ነው።»

ተመስገን አልኩ፤ አሁን ይናገራል።

«ምንም የለብኝም» አለ ባሌ፤ ያውም እየሳቀ።

«ይዋሻል! ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይውጣል!» ብዬ ጮህኩ።

«ቫይታሚን ነው፤ ሚስቴ ፈሪ ናት» አለ። ሳቁለት። ምክትሉ በሩን ዘጋው። ወጣቱ ሐኪምም አንዴ ኃላፊ፣ አንዴ የበር ጩኸት ሰምቶ፣ ኃላፊውን አመነ። ለእሱም ክብር የለኝም። የሆስፒታሉ ሽማግሌ ዘበኛ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው፣ እሱ ብቻ መጥቶ ሴትና ወንድ በማይለየው አማርኛው፣ «አንተ አትጩህ እናቴ፤ አላህ ከሪም፣ ተቀመጥ» ብሎ ወንበሩን ለቀቀልኝ። መቀመጥ ግን አልቻልኩም።

ጥርሱ ወጣ፤ ደሙ ግን አልቆመም። ሐኪሙ፣ ቁስሉ ላይ ያደረገለትን ጎዝ፣ ያን የፋሻ ጨርቅ፣ ነክሶ ዝም እንዲል፣ እንዳይተፋና እንዳይጉመጠመጥ፣ ቁስሉን የሚደፍነው የረጋው ደም መሆኑን ነግሮት ነበር። ታዲያ አጃቢዎቹ ከሐኪም በላይ አይደሉ? ኮሪደሩ ላይ «ይትፉት፤ የተበላሸ ደም ነው፣ ይውጣልዎ» አሉት። አንዱማ አረቄ አምጥቶ አስጉመጠመጠው። ወዲያው ደሙ ሸሚዙን አራሰው፤ ከንፈሩ ነጣ፤ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ተንሸራተተ። ያኔ እነዚያ «እኛ አለን» ባዮች ልብሳቸው እንዳይነካ አንድ በአንድ ወደ በሩ አፈገፈጉ። አልጋው ላይ ያወጣነው እኔና ዘበኛው ነን።

ሐኪሙ እየሮጠ መጣ። አዲስ ጎዝ ደራርቦ አፉ ውስጥ ከተተና የእኔን እጆች መንጋጋው ላይ አስቀመጠ። «ይጫኑልኝ፤ እንዳይለቁት» አለኝ። ቀጥሎ ወደ እሱ ጎንበስ አለ።

«አሁን እውነቱን ይንገሩኝ። ደሙን ለማቆም የምሰጥዎት መርፌ የሚወሰነው በዚህ ነው። ባለቤትዎ ያሉት መድኃኒት እውነት ነው?»

አፉ ሙሉ ነው፤ መናገር አይጠበቅበትም። አዎ ለማለት ራሱን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። ደሙ በጣቶቼ መሀል ይወርዳል። እኔን አላየኝም። አሻግሮ በሩ ላይ የቆሙትን ሰዎቹን አየ፤ ምክትሉን አየ። ከዚያ በእጆቼ መሀል ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቀ።

ሐኪሙ እሱን ትቶ ወደ እኔ ቀና አለ። «እውነት ነው» አልኩት። መርፌውን ሊያመጣ ሮጠ። እኔም መንጋጋውን በሁለት እጄ ጨምቄ እንደያዝኩ፣ ባሌን ናቅሁት።