ጥድ ሥር ያደረው ፒካፕ

ትናንት የሰው አጥር ጥግ ይዤ ሳልፍ የጥድ ቅርንጫፍ በእጄ ገፋ አደረግሁና ሙጫው አውራ ጣቴ ላይ ቀረ። በሳሙና ባሸው አልለቅ አለ። ማታም እራት ስቀምስ ሽታው ከጉርሻው ጋር ወደ አፍንጫዬ ይመጣል፤ መረር ያለ ግን ንጹሕ ሽታ ነው። ይህን ነገር ያስነሣብኝ እሱ ነውና ጊዜ ካለህ ስማኝ።

መንግሥት በተለወጠ በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ዓመት ይመስለኛል። እኔ ከማሠልጠኛ ወጥቼ መንዝ ውስጥ በተወለድኩበት ቀበሌ፣ ከዘመሮ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ፣ አስተማሪ ሆኛለሁ። ሃያ ዓመት ያልሞላኝ ልጃገረድ ነበርኩ፤ የማላውቀው ነገር ያለም አይመስለኝም ነበር። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ደብረ ብርሃን አንድ መሥሪያ ቤት በሾፌርነት ከተቀጠረ ሦስት ወሩ ነው። ገና ሙከራ ላይ ስለነበር ካጠፋ ያለ ብዙ ጥያቄ ይሰናበታል። አንድ ቅዳሜ የገብስ ዘር ዘመሮ አድርሶ ሰኞ እንዲመለስ ሲታዘዝ፣ የቢሮውን ሰማያዊ ፒካፕ ማንንም ሳያስፈቅድ እየነዳ እኛ ደጅ ድረስ መጣ።

እናቴ መኪናውን የተቀበለችው እንደ በቅሎ ነው። «ሜዳ ላይ አታቁመው ልጄ፤ የሰው ዓይን ክፉ ነው» ብላ ከደጃችን ጥድ ሥር አስጠጋችው። ወንድሜ ደክሞት ስለነበር አልተከራከራትም። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። እሱ እንደተኛ ባናዋን፣ ያን ከጥቁር በግ ጠጉር የተሠራ ከባድ ብርድ ልብሷን አውጥታ የፒካፑን አፍንጫ አለበሰችው። «ሞተሩን ብርድ እንዳይገባው» አለችኝ። እሷ ያን ሌሊት በነጠላ አደረች።

በማግስቱ ወንድሜ ቅዳሴ ሄደ፤ እኛ ባናውን ልናነሣ ወጣን። አልነሣ አለን። ቅዳሜ ከሰዓት ፀሐይ ያለሰለሰው ሙጫ ሲንጠባጠብ አምሽቶ ባናውን ከቀለሙ ጋር አጣብቆታል። በግድ ስንገነጥለው ጠጉሩ እዚያው ቀረ፤ ፒካፑ ጺም አወጣ። እኔ ሳቄ መጣ። እናቴ ግን «ወዮልኝ፣ ልጄን ከእንጀራው አፈናቀልኩት!» ብላ ራሷን ያዘች።

የቅዳሴው ዜማ ከገደሉ ማዶ ይሰማል፤ ሳያልቅ ማጽዳት አለብን። በሙቅ ውሃና በሳሙና ሞከርን፤ ምንም። «ቅቤ ላምጣ፤ ከበግ ጠጉር ላይ ሙጫ የሚለቀው በቅቤ ነው» አለች እናቴ።

«አይ እማዬ! መኪና የበግ ጠጉር መሰለሽ? ደግሞ በጾም! ጥላሸት የጠጣ ድስት እንኳ የሚጸዳው በአመድ ነው» አልኳት።

አስተማሪ ነኝና ሰማችኝ። አመዱን ከምድጃው ያፈስኩት እኔ፣ በጭብጥ ገለባ እየጠቀስኩ የፈተግሁትም እኔ ነኝ፤ እሷ ውሃ ታፈስልኝ ነበር። ሙጫው በከፊል ለቀቀ። ሥሩ የነበረው ቀለም ግን ጭረት በጭረት ሆኖ ደበዘዘ።

ወንድሜ ሲመለስ ጋቢውን ሳያወልቅ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ዳሰሰው። «በምን አሻችሁት?»

«በአመድ። እኔ ነኝ» አለች እናቴ፣ አፌን ሳልከፍት።

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ከኩራዙ ነጭ ጋዝ ቀንሶ ጨርቅ ነከረና የቀረው ሙጫ ላይ ለጥቂት ጊዜ አኖረው፤ ሙጫው ሲላላለት በቀስታ እየጠረገ አነሣው፣ አጠበውም። ከዚያ የእኔን የጥርስ ሳሙና ተቀብሎ ጭረቱን በክብ በክብ ሲያሽ እስከ ሰባት ሰዓት ዋለ። ደጁ ሁሉ ጋዝ ጋዝ ሸተተ። ሙጫው ጠፋ፤ ጭረቱ ግን ጥላ ሲሆን ይደበቅና ፀሐይ ሲያርፍበት ይታያል። «ሙጫ የሚፈልገው ቅባት ነው፤ ቅቤ እንኳ ብትቀቡት ይለቅ ነበር» አለ እጁን እየታጠበ። እናቴ ወደ እኔ አላየችም።

በሳምንቱ ወሬው ደረሰን፤ ጭረቱን አይተው ከመኪናው አውርደውታል፣ ጉዳዩ እስኪታይ ቤቱ ተቀምጧል። እናቴ የዚያን ዕለት እህል አልቀመሰችም። ወረቀት አስወጥታ ለኃላፊው ደብዳቤ አስጻፈችኝ። አንድ ቦታ ላይ እስክሪብቶዬን አቁሜ ቀና ብዬ አየኋት። «ጻፊ» አለችኝ። ጻፍኩ። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመችበት።

ኃላፊው ሲያነበው ስቆ ይሁን አዝኖ አላውቅም፤ ወንድሜ ግን ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ መኪና ይዞ ደጃችን አልመጣም። ዘመሮ እያቆመ በእግሩ ነበር የሚመጣው። እናቴ ሞተር በሰማች ቁጥር ትወጣለች፣ የሌላ ሰው መኪና አይታ ትመለሳለች።

ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። በአርባዋ ዕለት ወንድሜ ያችን ደብዳቤ ከኪስ ቦርሳው አወጣት፤ ኃላፊው ጡረታ ሲወጣ ሰጥቶት ኖሯል። ለተቀመጠው ሰው አነበባት፦ «ጌታዬ፣ ልጄ ቅዳሴ ላይ ስለነበር ምንም አያውቅም። ሴቷ ልጄም በቅቤ ይሻላል ብላኝ ነበር። ያልተማርኩ ነኝና እንቢ ብዬ በአመድ ያሸሁት እኔ ነኝ።» ጽሑፉ የእኔው የእጅ ጽሑፍ ነው። ስጽፈውም አፍሬ ነበር፤ ግን አላረምኩትም።

ወንድሜ ዓይኑን ጠራርጎ ወደ እኔ ዞረ። «ምናለ ያን ጊዜ ብትሰማሽ ኖሮ» አለኝ።

ጠላ ልቅዳ ብዬ ተነሣሁ።