የድልድሉ አናት

ሰው ማመን ድሮም አልሆነልኝም። ሻጭ ሲመርቅልኝ ሚዛኑን ደግሜ አያለሁ፤ ባጃጅ ነጂ ከሳቀልኝ መንገድ ሊያዞረኝ ነው እላለሁ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እናቴ ከጡቷ ጋር ያጠባችኝ ይመስለኛል። ጦርነቱ ወልድያን ይዞ ከለቀቃት በኋላ ደግሞ ከተማው ሁሉ እኔን መሰለ። ከስደት የተመለስነው የቆዩትን በጎን እናያለን፤ የቆዩትም እኛን ያያሉ። የማን ቤት ተዘረፈ፣ የማን ተረፈ፣ ማን ጠቆመ የሚል ወሬ ብቻ ነበር የሚሰማው።

እኔ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋች ነኝ። በመሥሪያ ቤቶች ውድድር ከአንዲት የመርሳ አስተማሪ ጋር በሴቶች ጥንድ ለዓመታት ተጫውቻለሁ። ከጦርነቱ በፊት በነበረው የመጨረሻ ውድድር አንደኛ ወጥተን ነበር። በኛ ጨዋታ አንደኛ መውጣት ለሚቀጥለው ውድድርም ስንቅ ነው። እያንዳንዷ ሴት እስከደረሰችበት ዙር ድረስ ነጥብ ይያዝላታል፤ የሁለቱ ነጥብ ሲደመር የጥንዱ ደረጃ ይሆናል። ድልድል ሲወጣ አንደኞቹ አናት ላይ፣ ሁለተኞቹ ግርጌ ላይ ይጻፋሉ፤ ከፍጻሜው በፊት እንዳይገናኙ ነው። ነጥብ የሌላቸው በዕጣ በየቀዳዳው ይገባሉ፤ ዕጣው ካልቀናቸው በመጀመሪያው ጨዋታ ከጠንካሮቹ ጋር ይላተማሉ። የጓደኛሽ ነጥብ ካነሰ አንቺም አብረሽ ትወርጃለሽ። ለዚህ ነው ጥንድ መምረጥ ባል ከመምረጥ የማይተናነሰው።

ከስደት ስመለስ ቤቴ ውስጥ የጠበቀኝ ባዶ ግድግዳ ነበር። ፍራሼ፣ ድስቴ፣ የመጋረጃዬ ብረት ሳይቀር ሄዷል። ሊወስዱብኝ ያልቻሉት ያን ደረጃ ብቻ ነው እያልኩ ተጽናናሁ። ጦርነቱ ጋብ ባለባቸው ወራት ውድድሩ ሊጀመር ነው ሲባል እንደ ልጅ ዘለልኩ። ከአዳራሹ ሁለት ጠረጴዛዎች አንዱ ለማገዶ ተፈልጧል፤ የቀረውም አንድ እግሩ በብሎኬት ተደግፏል። ቢሆንም ጨዋታ ነው።

ድልድሉ የአዳራሹ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዕለት ስማችንን አናቱ ላይ ፈለግሁ። የለም። ወደ ታች ብወርድ ከግርጌው አንድ መስመር ከፍ ብሎ አገኘሁት። በመጀመሪያው ጨዋታ የሚገጥሙን ግርጌ ላይ የተጻፉት ጠንካሮቹ ናቸው ማለት ነው። ደሜ ፈላ። ድልድሉን የሚያወጡት ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር፣ ለእኔም ራኬት አያያዝ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ነጥባችንን ማን በላው?» አልኳቸው።

«ማንም አልበላውም ልጄ። ጓደኛሽ መጥታ የድሮ ነጥባችን አይቆጠር አለችኝ። ተስማምተንበታል ነው ያለችኝ።»

«ለምን አለች?»

«አልነገረችኝም። እኔም አልጨቀጨቅኋትም።»

ሄጄ ልጠይቃት እችል ነበር። መርሳ ሩቅ አይደለም፤ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሲሪንቃን አልፎ መድረስ ነው። አልሄድኩም። ቤቴ ተቀምጬ ነገር አበሰልኩ። ጦሩ ሲመጣ እኔ ስሸሽ እሷ መርሳ ቀርታለች። የበሯ ቁልፍ እንኳ አልተሰበረም። ስመለስ ራኬቷን ከነማኅደሩ አሳይታኝ ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አሁን ቆረቆረኝ። የኔ ድስት ሲሄድ የሷ ራኬት እንዴት ተረፈ? ከተማዋን ከያዙት ጋር ምን ነበራት? አሁንስ ከተጋጣሚዎቻችን ጋር ምን ተስማምታለች? አንዱ ጥርጣሬ ሌላውን እየጎተተ አነጋኝ።

በማግስቱ ለውድድሩ ኮሚቴ ማመልከቻ ጻፍኩ። ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ መጀመሪያ ላይ አስቀመጥኩ። ነጥባችንን ያለ ፈቃዴ እንዳሰረዘች ገለጽኩ። እዚያ ላይ ባቆም ደግ ነበር። ከሥሩ ግን «ከተማዋ በተያዘችበት ጊዜ እዚያው የቆየች፣ ቤቷም ያልተሰበረ በመሆኑ ሁኔታዋ ይጣራልኝ» የሚል ጨመርኩበት። በዚያ ሰሞን እንዲህ ያለ አንድ መስመር ሰውን ከቤቱ ሊያስወስድ እንደሚችል አውቅ ነበር። እያወቅሁ ጻፍኩት፤ ወስጄም ለኮሚቴው እንዲያደርሱልኝ ለጋሼ ሰጠሁ።

የጨዋታው ቀን ጠዋት እሷ አዳራሹ በር ላይ ጠበቀችኝ። ወረቀቴ በእጇ ነው።

«ጋሼ ናቸው የሰጡኝ» አለች። «ለማንም አላሳዩትም። ለጻፈችው መልሽላት አሉኝ።»

ወረቀቱን አቀበለችኝ።

«ነጥቡን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ልነግርሽ አስቤ አፈርኩ። ከተማዋን የያዙት ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዘው እኛ ግቢ ገብተው ነበር፣ እህቴ። አንደኛ የተጠሩት ሽማግሌው አከራዬ ናቸው። ጫማቸውን እንኳ ሳያደርጉ ወሰዷቸው። ሁለተኛ የተጻፈው ልጅ ይሄን ሲያይ በጓሮ ዘሎ አመለጠ። አንደኛ የሚጠራ ሰው ጊዜ የለውም። ሽማግሌው እስከዛሬ አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ ስሜ ወረቀት አናት ላይ ሆኖ፣ በድምፅ ማጉያ መጀመሪያ ሲጠራ ሳስበው በጓሮ ልዝለል ልዝለል ይለኛል። ጨዋታ መሆኑን አጥቼው አይደለም።»

ወረቀቱን አጣጠፍኩት።

«በሬ ያልተሰበረው ራሴ ስለከፈትኩላቸው ነው» አለች። «ምን ላድርግ? የሚፈልጉትን ወሰዱ። ራኬት ማን ይፈልገዋል?»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም። «ይቅር በይኝ» አልኳት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

«ተጠርተናል፤ ግቢ» ብላኝ ቀድማ ገባች።

በጥንድ ጨዋታ ኳስ የሚመታው በየተራ ነው። አንዷ መትታ ገለል ትላለች፤ ሌላዋ ከኋላዋ መጥታ ቦታውን ትይዛለች። የሚለማመዱትም ይህንኑ መግባትና መውጣት ነው። እሷ በነዚያ ሁሉ ዓመታት ገለል ስትል ወደ ኋላዋ አይታ አታውቅም፤ የት እንዳለሁ ታውቅ ነበር። ያን ቀን ግን መትታ በወጣች ቁጥር አንገቷን ዞር አድርጋ ታየኛለች። እኔ መትቼ ተራዋ ሲደርስ ዓይኗ ከኔ ስለማይነሳ ኳሱ ያልፋታል። ከግራና ከተማ የመጡ ተመልካቾች «በርቺ!» ይሏታል፤ የደከማት መስሏቸው ነው። እኔ ጠረጴዛውን ለቅቄ ብወጣ በወደድኩ ነበር።

የመጨረሻዋ ነጥብ ላይ ኳሱ አመቺ ሆኖ፣ ከፍ ብሎ ወደ እሷ መጣ። ልጅም የማይስተው ኳስ ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ዓይኗ ኳሱ ላይ አልነበረም፤ ያን መስመር የጻፈውን እጄን ነበር የምትከታተለው።