የማይፈታ ጾም

እኔ አንድ ቦታ አልቀመጥም። ከጅግጅጋ ተነስቼ አፍደም ልጄ ጋ ወር ሁለት ወር፣ ደገሀቡር የወንድሜ ልጅ ጋ ሁለት ሳምንት፤ የልጅ ልጆቼ «አያቴ ሚኒባስ ናት» ይሉኛል። የጅግጅጋዋ ጎረቤቴ ግን የባሏ መቃብር ካለበት ከተማ ወጥታ አታውቅም። ባሏ ወታደር ነበር። ከተማው በተረበሸበት ዓመት ልጆቿ አዲስ አበባ ገቡ፤ እሷ ቤቱን ጠብቃ ቀረች።

አምና ፍልሰታን አብረን ጾመን ፈታን፤ ማለቴ እኔ ፈታሁ። እሷ «ትንሽ ልጨምር» አለችኝ። «ለእኔም ጸልዪልኝ» ብያት አፍደም ሄድኩ። ጥቅምት ላይ ስመለስ አሁንም አትበላም። ጽጌ ነው አለች። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አልቆም ብሎ ይንሸራተታል። ሴቶቹ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያገኟት «በረከትሽ ይድረሰን» ይሏታል። እኔም ከነሱ ጋር ብያለሁ። ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

ኅዳር ገባ፣ ጽጌም አለቀ። ወተት የምታዞረው ሶማሌ ጎረቤታችን ደጄ ላይ ቆመች። «አዬዮ» ነው የምትለኝ፤ እነሱ አያትን እንደዚያ ነው የሚጠሩት።

«አዬዮ፣ የኛ ጾም ፀሐይ ስትጠልቅ ያልቃል። ጓደኛሽ ላይ ፀሐይ አትጠልቅም እንዴ?»

«የነቢያት እየመጣ ነው እኮ።»

«ይምጣ። ከቤቷ ጭስ ሲወጣ ግን አላየሁም። ጾመኛ ማታ አይበላም?»

የንስሐ አባታችን አንድ ናቸውና ሄጄ «አርጅታለች፣ ጾሙን ይተዉላት» አልኳቸው። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ቀና አሉ።

«እናቴ፣ እኔኮ ገና ፍልሰታ ሳይገባ ነው ያነሳሁላት። እንዳትጾሚ ብያታለሁ።»

በቀጥታ ወደ ቤቷ ሄድኩ። እኩለ ቀን ነው፣ መስኮቱ ተዘግቷል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። በጥቅምት ያመጣሁላት ሽሮ ፌስታሉ እንደታሰረ ነው።

«ምነው ዋሸሽኝ?»

«አንቺ ደግሞ። መጣሽ፣ ሄድሽ። መቼ ልንገርሽ?» ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ «መነሳት አልፈልግም፣ እህል አስጠላኝ ብል ሁሉም ይጨቀጭቀኛል። እጾማለሁ ስል ግን ሰው ደስ ይለዋል፤ ይተወኛል» አለች።

«ለልጆችሽ ልደውል።»

«ተይ። እኔ በርትቻለሁ ነው የምላቸው።»

እዚያው ፊቷ ደወልኩ። ትልቁ ልጇ አነሳና ሳቀ፤ «እማዬ በጾም እንዲሁ ናት» አለ።

«ጾም አይደለም። ና» አልኩት። ከነገ ወዲያ እደርሳለሁ አለ።

አጥሚት ሠርቼ አቀረብኩላት። እንዳልቀየማት ብላ አንድ ማንኪያ አፏ ውስጥ አስገባች። አልዋጠችውም። ዓይኗ በሩ ላይ ነው፤ እስክሄድላት የምትጠብቅ መሰለኝ። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ጉሮሮዋን እያየሁ።