ያልተለኩ አርባ አንድ ጠዋቶች

ሲግሩን ሜትሮሎጂ ልማር ብላ ወደ በርገን ስትሄድ የሄስቶይ ደሴት ሰዎች ሳቅንባት። በቀን አራት ጊዜ ካፖርት በምንቀይርበት አገር ሰማይ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል አልን። እኔ ኦድቫር፣ የጀልባ ማቆሚያው ጠባቂ፣ ከሁሉም ይልቅ ምላሴን አስረዘምኩ።

«ጋሽ ኦድቫር፣ ስመረቅ መጀመሪያ የምተነብየው ለአንተ ነው» አለችኝ።

«ለእኔ ዝናብ ሲመጣ የሚቆረጥመኝ ጉልበቴ ይተነብይልኛል፤ ደሞ ፈተና አይወድቅም» አልኳት።

አፌ መራራ ነው መሰል፣ ወደቀች። ሰው እነዚህ ልጆች ደመና ሲያዩ የሚውሉ ይመስለዋል። እሷ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሒሳብና ከፊዚክስ ጋር ስትታገል ከረመች፤ የአየር እንቅስቃሴ ፈተናን ሁለቴ ወድቃ በሦስተኛው አለፈች። ያልተወችበትን ምክንያት ሁላችንም እናውቃለን። አባቷ አስላክ፣ እሷ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ በየካቲት አንድ ጠዋት ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ድንገት የተነሣ ማዕበል በላው። ማዕበሉን ማንም አልተነበየውም። ሲግሩን እንዲህ ያለውን ቀድመው ከሚያዩት አንዷ ለመሆን ቆርጣ ነበር። አሁን ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፏን በግንቦት ካስረከበች፣ ሰሜን ባለ የትንበያ ክፍል ሥራ ይጠብቃታል።

ጽሑፏ የቆመው በእናቷ በቶርዲስ መዝገብ ላይ ነው። ቶርዲስ የደሴቱ የአየር ሁኔታ መዝጋቢ ናት። በቀን ሦስት ጊዜ ጓሮ ወጥታ ሙቀቱን፣ ነፋሱን፣ ደመናውን፣ መለኪያው ውስጥ የተጠራቀመውን ዝናብና በረዶ ትጽፋለች። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት። «አንድ ጠዋት አልዘለልኩም» ትላለች፤ በዚህ ቀልድ አታውቅም። ሥራዋ ያየችውን መጻፍ እንጂ የሚመጣውን መናገር አይደለም። ይህን ልዩነት ግን ከእኛ ማን አስቦት ያውቃል? ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ጀልባውን ከመፍታቱ በፊት በአጥሯ ላይ አንገቱን አስግጎ «ቶርዲስ፣ እንውጣ ወይስ እንቅር?» ይላታል። እኔም ብያለሁ።

ለፋሲካ ሲግሩን ስትመጣ ፊቷ ልክ አልነበረም። እቤቷ ሳትደርስ የእኔ ክፍል ገብታ ከእናቷ መዝገብ የተቀዱ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«እየው። ይኼ አባዬ ከሞተ በኋላ ያለው ነው። ይኼ ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት፣ እነዚያው ቀናት።»

ቁጥሩ አንድ ነበር። አርባ አንድ ቀን፣ ነጥቡ ሳይቀር።

«ገልብጣዋለች» አለች። «ጎረቤት ደሴት ላይ በረዶው ጉልበት ሲደርስ እማዬ ምንም የለም ብላ ጽፋለች። አማካሪዬ ገና አላየም። ከተናገርኩ ሠላሳ አንድ ዓመቷ በሙሉ ይጠረጠራል። ዝም ካልኩ ደግሞ ገና ሳልጀምር ውሸታም ነኝ።»

አልደነገጥኩም፤ ያሳፈረኝም ይኸው ነው። ያን ጊዜ በየጠዋቱ በደጃቸው ሳልፍ፣ ከበሩ እስከ መለኪያው ባለው በረዶ ላይ አንድም የእግር ዱካ አላይም ነበር። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ለካ ይነቅዛል። ይህንኑ ነገርኳት።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ?» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «በል ተነሥ፣ አብረኸኝ ትገባለህ።»

ቶርዲስ ድንች ትልጥ ነበር። ወረቀቶቹን ስታይ እጇን ጠረገች፤ መነጽሯን አድርጋ ረጅም ጊዜ አነበበች።

«ማን ነገረሽ? ይኼ ሽማግሌ ነው?»

«ቁጥሮቹ ናቸው፣ እማ።»

«ቁጥር አፍ የለውም ብዬ ነበር።»

«አልለካሁም ብትይ ማን ይፈርድብሽ ነበር? ባልሽ ሞቶ!»

ቶርዲስ ድንቹን ገፋ አድርጋ ተነሣች። ከመሳቢያው የመዝገቡን ቅጂ አወጣች፤ እስክሪብቶ ይዛ ከመጀመሪያው የሐሰት ቀን ጀምራ አንድ በአንድ እየሰረዘች ከጎኑ «አልተለካም» ብላ መጻፍ ጀመረች። እኔ ወዴት እንደምመለከት ጠፋኝ። አርባ አንዱን ስትጨርስ መዝገቡን ወደ ልጇ ገፋችው።

«ውሰጂላቸው። የኔን ስምም ጻፊ።»

ሲግሩን ግን ገጹን ገልጣ ጣቷን ከተሰረዙት በላይ ባለው ቀን ላይ አሳረፈች። «ይኼስ? አባዬ የወጣበት ጠዋት ነው። ነፋስ የለም ይላል። ማዕበሉ ደጅ ደርሶ ነፋስ አልነበረም? ይኼንንም ሰርዢው።»

«እሱ አይሰረዝም።»

«እማ፣ አሁንማ እውነቱን ንገሪኝ።»

«እውነቱ እሱ ነው። በዓይኔ አይቼ ነው የጻፍኩት፤ ባሕሩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። ከመለኪያው ስመለስ አባትሽ ጫማውን እያሰረ ነው። እንደናንተው» አለች ወደ እኔ ዞራ፣ «‹ልውጣ ወይስ ልቅር?› አለኝ። ውጣ አልኩት።»

ይህን ጥያቄ በዚያ አጥር ላይ እኔም ስንት ጊዜ ጠይቄያታለሁ።

«ከዚያ በኋላ ሰማይ ቀና ብዬ ማየት ጠላሁ» አለች ቶርዲስ። «አርባ አንድ ቀን በመስኮት እንኳን አላየሁም። አልለካሁም ብል ‹ለምን?› ይሉኝ ነበር።»

ሲግሩን መዝገቡን እቅፏ ውስጥ አድርጋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። በሰኔ ሥራ የምትጀምር ልጅ አልመስል አለችኝ፤ የሦስት ዓመቷን ሲግሩን መሰለችኝ።

«እኔም እኮ ውጡ ልል ነው» አለች። «በየቀኑ፣ ለማላውቀው ሰው። ብሳሳትስ?»

«ትሳሳቻለሽ» አለች እናቷ። ድንቹን መልሳ አነሣች። «በማግስቱ ግን ውጪና ለኪ።»