ሁለት በግ የታረደበት ሰርግ

ነገ በደሴው አውቶቡስ ልሄድ፣ ማታውን ዘይነብ በሶ ቋጥራ መጣች። ዘይነብ መካነ ሰላም በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ናት፤ እኔ ክርስቲያን፣ እሷ እስላም። ልጄ ወይንሸት ጥግ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። በዚያው ዓመት ነው የዳርኳት፣ ባሏም ከደጎሎ መጥቶ እኔው ቤት ነው የገባ። «አብሽሪ አስካል፣ እሷን ለኔ ተያት። እኔ እያለሁ ብርድ አይነካትም» አለችኝ ዘይነብ። እሷ ባትኖር እግሬም አይነሳ።

ደሴ ላይ ደላላው ቀና ብሎም አላየኝ።

«ስም?»

«አስካለ።»

«በዚህ ስም ኩዌት የለም። እስላም ነኝ ትያለሽ። ሌላ ስም አምጪ።»

«ከየት ላምጣ?»

«እኔ ልውለድልሽ እንዴ? ቶሎ በይ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።»

አፌ ላይ የመጣልኝ የጎረቤቴ ስም ነው። «ዘይነብ» አልኩት።

«ይኸው፣ ክርስትና ተነሳሽ!» ብሎ ሳቀብኝ። ማተቤን ፈትቼ ዘይነብ ከሰጠችኝ በሶ ውስጥ ቀበርኩት። እንዲያ ሆኜ ነው የተሻገርኩት፣ እናንተ እዚህ ያላችሁ እህቶቼ ታውቁታላችሁ።

ኩዌት ስወርድ ሙቀቱ የፈላ ድስት ከድነው ከድነው ፊቴ ላይ የከፈቱብኝ መሰለኝ። እኛ በሰኔ ጋቢ ደርበን የምንንቀጠቀጥ ሰዎች! ምግቡ ሩዝ ነው፣ ጧት ሩዝ፣ ማታ ሩዝ፤ የኛን የገብስ ቂጣ በሕልሜ እቆርሳለሁ። ጎረቤት ለጎረቤት በሩን አያንኳኳም። ማዳሟ «ዘይነብ! ዘይነብ!» ስትል እኔ መች እኔን መሰለኝ፣ ዝም ብዬ ወለል እወለውላለሁ። ጆሮዋ አይሰማም ብላ ሐኪም ቤት ልትወስደኝ ነበር።

ላይቭ የሚሉትንም ስልኬ ላይ ያገኘሁት አማርኛ ሲናፍቀኝ ነው። ስለ ሃይማኖት የሚከራከሩበት ነው፤ ክርስቲያኑ ይናገራል፣ እስላሙ ገብቶ ይመልሳል፣ ከዚያ ስድብ ነው። ልብስ ስተኩስ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ እሰማለሁ። አንድ ቀን፣ መምህር የሚሉት፣ የሚመራው ሰውዬ፣ «ከወሎ ያለ አለ? እስቲ ከእስላሙ ጋር እንዴት ነው የምትኖሩት?» ሲል ደስ ብሎኝ ገባሁ። የወይንሸትን ሰርግ ነገርኩት። ሁለት በግ ነው ያረድን፤ አንዱን ወንድሜ ለኛ፣ አንዱን የዘይነብ ባል ሁሴን ለእነሱ። ሀገሩ ነው፣ በዓረፋ እነሱም ለኛ እንዲሁ ያደርጋሉ።

«እህታችን፣ ቤትሽ ውስጥ በቢስሚላህ ታርዷል ነው የምትይኝ?»

«አዎ፣ ለእነሱ ነዋ! እኛማ የራሳችንን ነው የበላን። ሁሴን በራሱ ቢላ አረደ፣ ዘይነብ በራሷ ድስት ሠራችው። ወላሂ ምንም አልተነካካም።»

«ወላሂ!» ብሎ ሳቀ። ሰው ሁሉ የሳቅ ምስል ደረደረብኝ። አፍሬ ወጣሁ።

ያን ጊዜ ነው ወለተ ጽዮን ነኝ የምትል ልጅ በውስጥ መስመር የጻፈችልኝ። «እማዬ አይዞሽ፣ እኔም እንዳንቺ ሰው ቤት ነኝ» አለች። እማዬ ስትለኝ ወይንሸት የጠራችኝ መሰለኝ። በየቀኑ በድምፅ እናወራ ጀመር። ወላሂ ማለቱን ተዪ፣ ቢስሚላህ በተባለበት ቤት መልአክ አይቆምም፣ ከጎረቤትሽም ራቂ ትለኛለች። እኔ ፊደል ቆጥሬ የተውኩ ሴት፣ እሷ ጥቅስ በጥቅስ፤ አመንኳት። በሰው ስም እንደምኖር፣ ማተቤን በሶ ውስጥ እንደደበቅኩ፣ ለሷ ብቻ እያለቀስኩ ነገርኳት።

በዚያ ክርክር ሃይማኖትሽ ተለወጠ ወይ ብትሉኝ፣ አልተለወጠም። ጦሜን እጦማለሁ፣ እመቤቴን እጠራለሁ። እዚያ ከገባው እስላምም አንድ ሲለወጥ አላየሁ፣ ሁሉም ተሰዳድቦ እንደ አመጣጡ ይወጣል። የተለወጠው ሌላ ነው። ወላሂ ልል ስል ምላሴን እነክሳለሁ። ዘይነብ ድምፅ ስትልክልኝ «ይቺ ሴት ምን ፈልጋ ነው?» እላለሁ፤ ልጄን አደራ ያልኳትን ሴት! በዒድ ደጋግማ ደወለች። ስልኩ እጄ ላይ ሲጮህ እያየሁት አላነሳሁም።

ከዚያ ወይንሸት አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። ድምፁ የኔ ነው። «ስሜ ዘይነብ ነው… ቤቴ ውስጥ በቢስሚላህ… ወላሂ!» ከላዩ «ለዲናር ሃይማኖቷን የሸጠች እናት» ብለው ጽፈውበታል። ስሙን ለመምህሩም ለማንም አልነገርኩም፣ እማዬ ለምትለኝ ልጅ ብቻ ነው የነገርኩ። ብደውል ዘግታኛለች። አሁን አሳንሰር ውስጥ ሐበሻ ሳይ ፊቴን አዞራለሁ፤ አንዷ ለማዳሟ ብትነግር ምን ይውጠኛል?

ትናንት ወይንሸት ደወለች። ወንድ ልጅ ወልዳለች፣ ክርስትናው ደርሷል።

«እማዬ፣ አንድ በግ ነው የምናርደው።»

«የእነ ዘይነብስ?»

«ከደጎሎ የባሌ ሰዎች ይመጣሉ። ድምፅሽን ሁሉም ሰምተውታል። ሁለተኛ በግ ካዩ አንበላም ብለው ይነሱብኛል።»

«ገንፎሽን ማን ነው የሚያገነፋልሽ አንቺ?»

«እትዬ ዘይነብ ናቸው። አውቃለሁ! ታዲያ ላይቭ ገብቼ የተናገርኩ እኔ ነኝ?»

«የማኅበሬ ሰዎችስ? ሰርግሽን በልተው የለም? እንዲህ ነው ሥርዓታችን ብሎ የተናገረልኝ የለም?»

«ማንም የለም፣ እማዬ።»

ከጓዳ አንድ ድምፅ ሰማሁ። «አስካል ናት? ወዲህ በዪው ስልኩን።» ዘይነብ ናት።

«እንዴት ነሽ አስካልዬ? እንኳን ለዚህ አበቃሽ! ልጁ ቁርጥ አንቺን ነው፣ ግንባሩ ሳይቀር። ይቺ በግ በግ እያለች ታስጨንቅሻለች እንዴ? ተያት። እኔ ሽሮ እበላለሁ። ሁሴንም ሽሮ ይወዳል።»

ሁሴን ሽሮ እንደማይወድ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ዘይነብ፣ እኔ እንዲያ አላልኩም፣ ቆራርጠው ነው…»

«አውቃለሁ እቴ። ሰርጉ ላይ አልነበርኩም? በዒድ ግን ብደውል ብደውል አላነሳሽም። ታመሽ ነበር?»

አፌን ስከፍት ማዳሟ ከሳሎን ተጣራች። «ዘይነብ! ዘይነብ!»

በስልኩ ተሰምቷል።

«ሂጂ፣ እየጠሩሽ ነው» አለችኝ። ለዒዱ ሳልመልስላት ሄድኩ።