ሳልጠራ ጽፋት ድረስ

ቤርሼባን ጥዬ የወጣሁት ገና ሳይነጋ፣ ሰፈራችን ሽኩና ጊሜል ሁሉ ተኝቶ ነው። ጫማዬን በእጄ ይዤ ደረጃውን በባዶ እግሬ ወረድኩ፤ ልጄ ከሰማች የመኪናውን ቁልፍ ትቀማኛለቻ። አሮጊት እንደ ኮረዳ ስትጠፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ድሮ ከጎንደር ስንወጣ አገር ሙሉ አብሮን ነበር፤ አህያው፣ ሽማግሌው፣ አልቃሹ። አይሮፕላኑም ሰው በሰው ላይ ደራርቦ ነው ያመጣን። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲወስደኝ ነው የኖርኩት። አሁን ግን ሪሽዮን አለኝ፣ መንጃ ፈቃድ። ፊደል ባልቆጥርም ጥያቄውን ባማርኛ እያነበቡልኝ ባፌ መልሼ አለፍኩ፤ የሚያስነዳኝ ሰውዬ ጸጉሩን ጨረሰ እንጂ እኔስ አልተቸገርኩም። እና ታናሽ እህቴን ብርቄን ላስደንቃት፣ ከደቡብ ጫፍ ብቻዬን ነድቼ ሰሜን፣ እሷ ያለችበት ጽፋት ልገባ ተነሳሁ።

መንገዱ ደስ ይላል እናንተዬ። አሸዋው አልቆ እርሻ፣ እርሻው አልቆ ፎቅ፣ ደሞ እርሻ። እኛ አገር ቢሆን ስንት አውራጃ፣ ስንት ወንዝ ነው። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ቀኝ ግራ ትለኛለች፤ የማን ልጅ ነሽ አትል፣ ውሃ ጠጪ አትል፣ ትእዛዝ ብቻ። ገሊላ ስደርስ ተራራው ቁርጥ ወገራን መሰለኝ። ወንድማችን ፈረደ እስካሁን እዚያው ጎንደር ነው፤ የመምጫ ወረቀቱ አልወጣ ብሎ ሸበተ። ሰሞኑን ደግሞ ደረቱን ይዞታል። እሱን እያሰብኩ፣ ተራራውን እያየሁ ቀስ አልኩ።

ፖሊስ አስቆመኝ። እነሱ ጋ አንቱ የለ፤ ሳቭታ የሚሉት አያቴ ለማለት ነው። «ሳቭታ፣ ከኋላሽ ስንት መኪና እንደተሰለፈ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አይቻለሁ ልጄ። አጃቢ መስሎኝ ነው፤ ሙሽራ ነኝ።»

ሳቁን ዋጥ አርጎ፣ ሪሽዮኔን ገለባብጦ አየና፣ በይ ሙሽሪት ፈጠን በይ ብሎ ለቀቀኝ።

ብርቄ በሩን ከፈተች። ስታየኝ ፊቷ አመድ ሆነ።

«ምነው እታለም?»

«እንዲያው ናፍቀሽኝ ነው» አልኳት።

ምነው አፌን በቆረጠው። በኛ ደንብ መርዶ በስልክ አይነገር። ዘመድ ሳይጠራ በጠዋት ይመጣል፣ «እንዲያው ናፍቀሽኝ» ይላል፣ ትንሽ አረፍ ብሎ ነው የሚያረዳ።

«ፈረደን ልታረጂኝ ነው!» ብላ መሬት ቁጭ አለች፣ ደረቷን ትመታለች። ኧረ ማንም አልሞተ እላለሁ፤ መርዶ ነጋሪም መጀመሪያ የሚለው ይኸንኑ ነው፣ በየት ትመነኝ። መኪና ነድቼ ላሳይሽ ነው ብላት፣ አንቺ ብቻሽን ልትነጂ ነው፣ አብረውሽ የሚያረዱኝን ሽማግሎች ታች አቁመሻቸዋል ትላለች። ጎረቤቷ ሞሮካዊቷ ስኳር በውሃ በጥብጣ ሮጣ መጣች፤ ምን እንደሆነ ሳታውቅ እሷም ታለቅሳለች።

ያለው መላ አንድ ነው፣ ፈረደ ላይ መደወል። ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደገምኩ። አይነሳም። ሳላውቀው እግሬ ይዞት የመጣ መርዶ ቢሆንስ? ካጠገቧ መሬት ተቀመጥኩ፣ እጇን ያዝኩ፣ እንደገና ደወልኩ።

«ሀሎ» አለ፣ እየሳለ።

ብርቄ ስልኩን ነጠቀችኝ፣ እኔም ጆሮዬን ለጠፍኩ፤ ሁለታችንም ባንዴ ፈረደ፣ ፈረደ እንላለን። እሱ በቀስታ፣

«ሁለታችሁ አንድ ላይ? ማን ሞተብን?»

ያ ሁሉ ለቅሶ ሳቅ ሆኖ ወጣ። መኪናውን ነገርነው፣ ፖሊሱን ነገርነው፤ ሳሉ እስኪያፍነው ሳቀ። ትንፋሹ ሲመለስለት ድምፁ ዝቅ አለ።

«እኔም አንድ ቀን ሳልጠራ በራችሁን ባንኳኳ፣ እንዳታለቅሱ እሺ።»

ብርቄ አየችኝ።

«አንተ ብቻ አንኳኳ» አልኩት።